በሚሄድ ቀበቶ ላይ ራጅ ማንሳት፦ ሽሮ፣ በርበሬና ክክ ለምታሽጉ

የሽሮ እሽግ «ትንፋሽህን ያዝ» ቢሉት አይሰማም። በሆስፒታል የራጅ ክፍል ስሠራ ታካሚው ደረቱን ከሰሌዳው አስጠግቶ ቀጥ ብሎ ይቆምልኝ ነበር፤ ምስሉ ከተበላሸ ደግሜ አነሳለሁ። አሁን የምሠራው ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የባልትና ፋብሪካ፣ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። እዚህ እሽጉ በሴኮንድ አንድ እየሆነ፣ ጠጠርና ብረት በሚፈልግ የራጅ ማሽን ሆድ ውስጥ በቀበቶ ተጭኖ ያልፋል፤ ያመለጠ አመለጠ ነው። ከሆስፒታል ይዤው የመጣሁት ዕውቀት የሥራውን ግማሽ ሸፈነልኝ። ሌላው ግማሽ የቀበቶው ነው፤ ይህን የምጽፈውም ይበልጡን ስለ ቀበቶው ነው።

ማሽን ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚያነሱት የጨረሩን ኃይል ነው፤ «ስንት ኪሎቮልት ነው? ስንት ሚሊሜትር ጠጠር ያያል?» ይሉኛል። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ማሽኑ ያላየው ጠጠር አይደለም። አይቶት፣ ደወል ደውሎ፣ ቀይ መብራት አብርቶ፣ ከዚያ ከፊቱ ያለውን ንጹሕ እሽግ ገፍቶ የሚጥለው ነው የሚያስፈራኝ። ጠጠር ያለበት እሽግ በሰላም ወደ ካርቶኑ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን «ተወግዷል» ይላል።

ማሽኑ የሚያየውና የማያየው

ከቀበቶው በላይ የራጅ ቱቦ አለ። በቱቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከተንግስተን ሰሌዳ ጋር በኃይል ይጋጫሉ፤ ከዚህ ግጭት ጉልበት ወደ ጨረር የሚለወጠው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጨረሩ በቀጭን ስንጥቅ ወጥቶ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይወርዳል። ከቀበቶው ሥር ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.4 ወይም 0.8 ሚሊሜትር የሚሆኑ ጥቃቅን ጨረር ተቀባዮች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ይጠብቁታል። ማሽኑ ሙሉ ፎቶ አያነሳም። አንድ መስመር ያነባል፣ እሽጉ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ሌላ መስመር ያነባል፣ መስመሮቹን እየደራረበ ምስል ይሠራል። ይህን ካልያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ግራ ያጋባችኋል።

ምስሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ነጥብ ላይ ምን ያህል ጨረር ታግዶ ቀረ የሚለውን። ያገደው ነገር ከባድ ከሆነ ወይም ወፍራም ከሆነ ነጥቡ ይጠቁራል። ውሃ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1 ግራም ቢመዝን፣ ብርጭቆ 2.5 ገደማ፣ የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ወደ 3 የሚጠጋ፣ የማይዝግ ብረት ደግሞ 8 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። እነዚህ ከሽሮ ዱቄት ውስጥ ጎልተው ይታያሉ። ፀጉር፣ ገለባ፣ የጆንያ ክር፣ ስስ ላስቲክ፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ ነቀዝ ግን ከዱቄቱ ብዙም ስለማይለዩ አይታዩም። ማሽኑ በገባ ሰሞን አሠሪዎቻችን የምስር ለቃሚዎቹን ቁጥር ሊቀንሱ አስበው ነበር። ከለቃሚዎቹ ሁሉ አንጋፋ የሆኑት እናት ሰፌዳቸውን ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ማሽንሽ ነቀዝ ያያል?» አሉኝ። አያይም አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ የትም አልሄድም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ። ወንፊቱ፣ ማግኔቱና የሰው ዓይን ከራጁ በፊት እንዳሉ መቀጠል አለባቸው። ራጁ የመጨረሻው ዘበኛ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ከብረት ጠቋሚ መሣሪያ የሚበልጥበት ቦታ ግልጽ ነው። በርበሬ በአሉሚኒየም በተለበጠ ከረጢት ስታሽጉ ብረት ጠቋሚው በከረጢቱ ይታወካል፤ ራጅ ግን ስስ ቅጠሉን አልፎ ውስጡን ያያል። ጠጠርና ብርጭቆም ለብረት ጠቋሚ ምኑም አይደሉም።

ስለ ጨው ለብቻው ልናገር፤ በመመሪያው ደብተር ላይ የማታገኙት የእኛ ጣጣ ነው። በበርበሬውም በሽሮውም ጨው አለ። የጨው ቅንጣት ክብደቱ 2.2 ገደማ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ክሎሪን ጨረርን አጥብቆ ስለሚያግድ በምስሉ ላይ ከነጭ ጠጠር ባላነሰ ይጠቁራል። በደንብ ያልደቀቀ ጨው የገባበት በርበሬ በማሽኑ ዓይን ጠጠር የተነሰነሰበት ነው። ኦፕሬተሩ በውሸት ደወል ተሰላችቶ የማሽኑን ንቃት ዝቅ ያደርጋል፤ ከጨው ጋር እውነተኛው ጠጠርም ያልፋል። መፍትሔው ወፍጮ ቤት ነው፤ ጨውን ለብቻው አድቅቃችሁ፣ በወንፊት አሳልፋችሁ ቀላቅሉት። የማሽኑን ቁልፍ አትንኩ።

ኪሎቮልቱን መምረጥ

በሆስፒታል ለእጅ 50 ኪሎቮልት አካባቢ፣ ለደረት ከ110 እስከ 120 እንጠቀም ነበር። ሕጉ እዚህም ያው ነው። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል በቀላልና በከባድ ነገር መካከል ያለው ልዩነት ይጎላል፣ ጨረሩ ግን ወፍራም ነገር አያልፍም። ከፍ ሲል ሁሉንም ያልፋል፣ ልዩነቱ ግን ይደበዝዛል። ስለዚህ «ኃይል ጨምሩበት» የሚለው ምክር ግማሽ ኪሎ ሽሮ ለሚያሽግ ሰው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያመጣል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ከ40 ኪሎቮልት እነሳና ከእሽጎቹ ሁሉ ወፍራሙን አቁሜ ሳይሆን በቀበቶው ላይ እየሄደ አሳልፋለሁ። ወፍራሙ ቦታ ድፍን ጥቁር ከሆነ ጥቂት እጨምራለሁ። ውስጡ መለየት ሲጀምር እዚያው እቆማለሁ። ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ከሸከረ ቮልቴጁን ሳይሆን ሚሊአምፔሩን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሚሊአምፔር የጨረሩን ብዛት እንጂ የመብሳት ኃይሉን አይለውጥም። በመጨረሻ ባዶውን ቀበቶ አያለሁ፤ ብሩህ መሆን አለበት፣ ነገር ግን ተቀባዩ እስኪታወር ድረስ መሆን የለበትም።

ማሽኑን ጥሩ እሽግ ምን እንደሚመስል ስታስተምሩት በአንድ ጊዜ የወጡ የሚያማምሩ እሽጎችን አትምረጡ። የጧቱን፣ የከሰዓቱን፣ ጥግ ላይ የታጠፈውን፣ ትንሽ ሞላ ያለውን ሁሉ ቀላቅሉ። ያለዚያ የታጠፈ ከረጢት ባየ ቁጥር ይደነግጣል።

ሽሮ በከረጢቱ አንድ ጫፍ ተንሸራቶ ሲቆለል ሌላው የተለመደ ችግር ይመጣል። ሁለት ሚሊሜትር ጠጠር በሁለት ሴንቲሜትር ዱቄት ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ በስምንት ሴንቲሜትር ክምር ውስጥ ግን ሊሰወር ይችላል። እሽጉ ወደ ራጁ ከመግባቱ በፊት በሚንቀጠቀጥ ሰሌዳ ወይም ከላይ ጫን በሚል ተሽከርካሪ ጥቅል (ሮለር) ተዳምጦ፣ ተኝቶ ይግባ። በእኛ መስመር ላይ ይህች ርካሽ ጥቅል ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ በላይ ጠቅማለች።

ቀበቶው

ቀበቶው በደቂቃ 24 ሜትር ይሄዳል እንበል። ይህ በሴኮንድ 400 ሚሊሜትር ነው። ተቀባዩ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ ማሽኑ በሴኮንድ 1000 መስመር ማንበብ አለበት። አሁን ዓቢይ ጾም ደረሰ፤ 55 ቀን ሙሉ አገሩ በሽሮ ላይ ነው፣ ነጋዴው ይጠይቃል፣ ሥራ አስኪያጁ ቀበቶውን ወደ 36 ሜትር ከፍ አድርጉ ይላል። የመስመር ንባቡ ባለበት 1000 ከቀረ ምስሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ርዝመቱ ይኮማተራል። የንባቡ ብዛት አብሮ ወደ 1500 ካደገ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር የሚሰበስበው ጨረር በሲሶ ይቀንስና ምስሉ ይሸክራል፤ ትናንት ይያዝ የነበረው ትንሹ ጠጠር ዛሬ ላይያዝ ይችላል። ፍጥነት በተለወጠ ቁጥር ፍተሻው ከዜሮ ይጀመር። ይህን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ንገሩት፤ የቃል ንግግር በጾም ዋዜማ ሰሚ የለውም።

ፍጥነቱና ንባቡ መስማማታቸውን በዓይን ማወቅ ይቻላል። ማሽኑን በምንፈትንበት የሙከራ ካርድ ላይ ያለችውን የብረት ኳስ በስክሪኑ ላይ ተመልከቷት። ክብ ከሆነች ተስማምተዋል። ወደ እንቁላል ቅርጽ ከሄደች፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደረዘመች እዩ፤ ወደ ቀበቶው አካሄድ ከረዘመች ቀበቶው ዘግይቷል፣ ካጠረች ፈጥኗል። ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፣ ሁልጊዜም እውነቱን ይናገራል።

የቀበቶውን ፍጥነት ለማሽኑ የሚነግረው ኢንኮደር የሚባለው መቁጠሪያ ነው። የት እንደተገጠመ አጣሩ። በሞተሩ ዘንግ ላይ ከሆነ ቀበቶው ቢንሸራተት ሞተሩ መዞሩን ብቻ እየቆጠረ ይዋሻል። ቀበቶው ራሱ በሚያዞረው ጥቅል ላይ ሲገጠም መንሸራተቱን ጭምር ያውቃል። የሽሮ ዱቄት ደግሞ ጥቅሉ ላይ ሲጋገር ቀበቶውን ማንሸራተት ልማዱ ነው።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር። ጨረሩ ካለበት፣ መጥፎውን እሽግ በአየር ገፍቶ ወደ ማስወገጃው ሳጥን እስከሚጥለው ነፊ ቱቦ 800 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በሴኮንድ 400 ሚሊሜትር ሂሳብ ማሽኑ ሁለት ሴኮንድ ቆጥሮ ይነፋል። እሽጉ 200 ሚሊሜትር ርዝመት፣ በእሽግና በእሽግ መካከልም 200 ሚሊሜትር ክፍተት አለ እንበል። ቀበቶው 5 በመቶ ቢንሸራተት እሽጉ 40 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይቀራል፤ አየሩ ጠርዙ አካባቢ ያገኘውና ያሽከረክረዋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ላይገባም ይችላል። 15 በመቶ ቢንሸራተት 120 ሚሊሜትር ይቀራል፣ አየሩም ባዶውን ክፍተት ይነፋል። የአየር ማስተላለፊያው ቫልቭ ራሱ የሚዘገየው ጊዜም አለ፤ 50 ሚሊሴኮንድ ብትዘገይ በዚህ ፍጥነት 20 ሚሊሜትር፣ በጾሙ ፍጥነት 30 ሚሊሜትር ናት።

ስለዚህ የሚነፋውን ቱቦ ብቻ አትመኑ። ከማስወገጃው ሳጥን አፍ ላይ እሽጉ በእርግጥ መውደቁን የሚያይ ሴንሰር ይኑር፤ ማሽኑ «ንፋ» ብሎ ሳለ ሴንሰሩ ምንም ካላየ መስመሩ ይቁም። የአየር ግፊቱንም የሚጠብቅ ሌላ ሴንሰር ያስፈልጋል፤ ማሸጊያ ማሽኖቹ ሁሉ ከአንድ ኮምፕሬሰር ሲጠጡ ግፊቱ ይወርድና ሽሮውን በትንፋሽ ያህል ብቻ ይዳስሰዋል። ሁለት እሽግ ተነካክቶ ሲገባ ማሽኑ ሁለቱንም እንዲያስወግድ አድርጉ፤ «ኪሳራ ነው» ብሎ ይህን የሚያጠፋ ኦፕሬተር አይጠፋም።

ሳጥኑ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከምርት ክፍል ሳይሆን ከጥራት ክፍል ይሁን።

በመግቢያና በመውጫው ላይ የተንጠለጠለው የእርሳስ ማዕድን መጋረጃም ከቀበቶው ጉዳይ የሚቆጠር ነው። መጋረጃው ከባድ፣ የመቶ ግራም በርበሬ እሽግ ደግሞ ቀላል ስለሆነ እሽጉ ተገትሮ ይቆማል ወይም ይገለበጣል፣ ከኋላ የመጣው ይደርስበታል። ሠራተኛው ተናድዶ መጋረጃውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ይህ በፍጹም አይደረግም፤ መጋረጃው ጨረሩን የሚያግደው ነው። ቀላል እሽጎችን በዝቅተኛ ሳህን ላይ አድርጋችሁ አሳልፉ ወይም ለቀላል ምርት የተሠራ መግቢያ ከአምራቹ እዘዙ።

ካርዱን ማሳለፍ

የሙከራ ካርድ በውስጡ መጠናቸው የታወቀ የብረት፣ የብርጭቆና የሴራሚክ ኳሶች የያዘ ነው። ካርዱን በባዶ ቀበቶ ላይ ማሳለፍ ራስን ማታለል ነው። ከእውነተኛ እሽግ ጋር፣ እሽጉ በጣም በሚወፍርበት ቦታ ይቀመጥ። አንዴ በእሽጉ ፊት፣ አንዴ መሐል፣ አንዴ ኋላ፤ ከዚያም በቀበቶው ግራ፣ መሐልና ቀኝ። ጨረሩ ከአንድ ነጥብ እየተዘረጋ ስለሚወርድ ጫፍና መሐል እኩል አያዩም። የፈተናው ውጤት በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቀይ ክብ አይደለም፤ ካርዱ የያዘው እሽግ ተቆልፎ ባለው ሳጥን ውስጥ መገኘቱ ነው።

ፈረቃ ሲጀመር፣ የምርት ዓይነት ሲለወጥ፣ ፍጥነት ሲለወጥ፣ ጥገና ሲደረግ፣ በመሐል በየሰዓቱ፣ ፈረቃ ሲያልቅም ይፈተን። ካርዱ ካመለጠ፣ ከመጨረሻው ጥሩ ፈተና ወዲህ የታሸገው ሁሉ ይያዛል፣ እንደገናም ያልፋል። በየሰዓቱ የሚፈተነውም ለዚህ ነው፤ የሚያዘው የአንድ ሰዓት ምርት ይሆናል እንጂ የቀን ሙሉ አይሆንም። የሙከራ እሽጎቹን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉ፣ በየፈረቃው ቆጥራችሁ ተረካከቡ። ለፈተና የገባ የብርጭቆ ኳስ ወደ ቅዳሜ ገበያ ቢወጣ ምን ብለን እንመልሳለን?

የተወገደውን እሽግ ክፈቱት። ያገኛችሁትን ጠጠር ወይም ሽቦ በስኮች መዝገቡ ላይ ለጥፉና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጥሬ ዕቃውን ምንጭ ከጎኑ ጻፉ። ቁራጭ ሽቦ ከሆነ ወደ ወንፊቱ ሂዱ፣ የተበጠሰ ቦታ ይኖረዋል። የብረት ብናኝ ከሆነ ወፍጮውን ጠይቁ። ጥቁር ጠጠር ከሆነ ከአውድማ ነው፤ በመሬት ላይ በበሬ ከተበራየ የደምቢያ ሽምብራ ጋር አብሮ የመጣ። የፋሲል ግንብ የተሠራበት ድንጋይ በዚህ አገር መቼም አያልቅምና እኛ ዘንድ በብዛት የሚለጠፈው እሱ ነው። አንድ አቅራቢ በተደጋጋሚ ጠጠር ሲያመጣ ክርክር አያስፈልግም፤ መዝገቡን ገልጦ ማሳየት ይበቃል።

ጨረሩን ስለሚፈሩ

«ጨረር የመታው ሽሮ ይበላል ወይ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ይበላል። በዚህ ኃይል የሚሠራ ራጅ ምግብን ጨረር አመንጪ አያደርግም፣ ማሽኑ ሲጠፋም በውስጡ የሚቀር ጨረር የለም፤ የኤሌክትሪክ ቱቦ ነው እንጂ ራዲዮአክቲቭ ማዕድን የያዘ አይደለም። ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚደርሰው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ) ያህል ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ በሰው ሠራሽ ምንጭ ለማንኛውም ሰው የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በዓመት 1፣ ለጨረራ ሠራተኛ ደግሞ በአምስት ዓመት አማካይ 20 ሚሊሲቨርት ነው። በሥርዓት የተያዘ ማሽን ከጎኑ የሚቆመውን ሰው ወደዚህ አያደርሰውም። «በሥርዓት የተያዘ» ማለት ግን በሩ ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋው ማብሪያ በሽቦ ያልታሰረ፣ መጋረጃው ያልተቀደደ፣ እጅ ወደ ውስጥ የማይገባበት ማለት ነው። ከማሽኑ ገጽ 5 ሴንቲሜትር ርቆ በጨረራ መለኪያ ይለካ፤ ብዙዎቹ አምራቾች በሰዓት ከ1 ማይክሮሲቨርት (የሚሊሲቨርት አንድ ሺኛ) በታች እንዲሆን ይሠሩታል። መጋረጃ ሲለወጥና ሽፋን ሲከፈት ልኬቱ ይደገም። ማሽኑን ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ከፌዴራሉ የጨረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቁ።

ከፍታውና መብራቱ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት። የብዙ ማሽኖች መመሪያ «እስከ 2000 ሜትር» ይላል፤ አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያውም ይዳከማል። ስታዝዙ የከተማውን ከፍታ በደብዳቤ ጻፉና አምራቹ በጽሑፍ ይመልስ። የአየር ማጣሪያውን ከሽሮ ዱቄት በየፈረቃው አራግፉ፤ 99 በመቶው ሙቀት የሆነ ቱቦ መተንፈሻው ሲደፈን ዕድሜው ያጥራል። ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ደግሞ ቱቦው ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሙቅ። ማሽኑ ይህን ራሱ ሲያደርግ «ዝለለው» የሚለውን አትጫኑ።

መብራት ሲጠፋና ጀነሬተር ሲነሳ ማሽኑ ወዲያው ቢበራም፣ በጨረሩና በማስወገጃው መካከል የነበሩት እሽጎች የትኛው ጥሩ የትኛው መጥፎ እንደነበር ረስቷል። ኮምፒውተሩ በባትሪ ቢቆይ እንኳ ቀበቶው ሳይታዘዝ እስኪቆም ጥቂት ተንሸራቷል። ስለዚህ መስመሩን ከመልቀቃችሁ በፊት ከመግቢያው መጋረጃ እስከ ማስወገጃው ማዶ ያለውን እሽግ ሁሉ አንሱ፣ በተለየ ቅርጫት አስቀምጡ። የአየር ግፊቱን ንባብ እዩ። ባዶው ቀበቶ አንድ ዙር ይዙር። ካርዱን ከነእሽጉ አሳልፉ፤ ሳጥን ውስጥ ከወደቀ በቅርጫቱ ያለውን መልሳችሁ ከመግቢያው አስገቡ፣ ሰዓቱንም መዝገቡ ላይ ጻፉ።